ከ«አፕግሬድ» በኋላ የሚቋረጥ መስመርና የመመሪያው ጉድለት

በመጽሔታችን የሂስ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ልብ ወለድ፣ የግጥም መድበል ወይም አዲስ የወጣ የመማሪያ መጽሐፍ ነው። የጥገና መመሪያ የሂስ ጉዳይ ይሆናል ብሎ የሚያስብ እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ መመሪያም ጽሑፍ ነው፤ አንባቢ አለው፤ አንባቢውን ካሰበበት ያደርሰዋል ወይም መንገድ ላይ ይጥለዋል። ልብ ወለድ ቢያሰለች ከድኖ ማስቀመጥ ይቻላል። መመሪያ ሲያሳስት ግን አርባ ተማሪዎች ከኮምፒዩተር ፊት እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ።

ዛሬ ልመረምረው የፈለግሁት፣ የማይክሮሶፍት ኩባንያ የኔትዎርክ ግንኙነት ለሚቋረጥባቸው የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ያዘጋጀውን የእርዳታ ጽሑፍ፣ እንዲሁም እሱን እየገለበጡ በየቦታው የሚሠራጩትን መሰል መመሪያዎች ነው። ጊዜውም ያስገድዳል። ኩባንያው ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አብቅቷል። ስለሆነም አቅማቸው የፈቀደ ማሽኖች ያሏቸው ትምህርት ቤቶች ወደ ዊንዶውስ 11 እየተሸጋገሩ ነው። ከሽግግሩ በኋላ ከሚሰሙት አቤቱታዎች አንዱ ደግሞ «ትናንት ይሠራ የነበረው የኬብል ኢንተርኔት ዛሬ ይመጣል፣ ይሄዳል» የሚል ነው። በአገራችን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት በመጀመሩ፣ የመስመር መቋረጥ የጨዋታ ጉዳይ አይደለም።

በመጀመሪያ የጽሑፉን በጎ ጎን ልመስክር። ከቀላሉ ይጀምራል። ኬብሉ በኮምፒዩተሩም በራውተሩም በኩል በደንብ መሰካቱን ተመልከት፣ ሌላ ኬብል ሞክር፣ ራውተሩ ላይ ሌላ ቀዳዳ ሞክር ይላል። ብዙዎቻችን ይህን ሳናደርግ ወደ ጥልቁ ስለምንገባ ምክሩ የሚናቅ አይደለም። የኔትዎርክ ካርዱን ድራይቨር፣ ማለትም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከካርዱ ጋር የሚግባባበትን ፕሮግራም፣ ከማስወገድ በፊትም ቅጂውን በሌላ ኮምፒዩተር አውርዶ በፍላሽ መያዝ እንደሚገባ ያሳስባል። ይህ አሳቢ ሰው የጻፈው ዓረፍተ ነገር ነው። ድራይቨሩን አጥፍቶ ኢንተርኔት ካጣ በኋላ ድራይቨሩን ከዚያው ከኢንተርኔት ለማውረድ የተጨነቀ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል።

ከዚህ በኋላ ግን ጽሑፉ ጠባዩን ይለውጣል። አምስት ትዕዛዞችን በተርታ ደርድሮ በጥቁሩ መስኮት እንድንጽፋቸው ያዝዛል። ትዕዛዞቹ በጥቅሉ ምን እንደሚሠሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ምን እንደሚታይ፣ የታየውም ነገር ምን ማለት እንደሆነ ግን አይነገርም። አንባቢው አምስቱንም ጽፎ መስመሩ ቢመለስ የቱ እንደፈወሰው አያውቅም። ባይመለስም ያወቀው አዲስ ነገር የለም። አንድ ተማሪ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ አምፖሉን፣ ባትሪውንና ሽቦውን በአንድ ጊዜ ለውጦ «መምህር፣ በራ!» ቢል ሙሉ ማርክ የምንሰጠው ይመስላችኋል?

ትዕዛዞቹ ራሳቸው ደካሞች አይደሉም። እንዲያውም ከመካከላቸው «አይፒኮንፊግ» የተባለው፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ብቻውን ሲጻፍ፣ ከማናቸውም የበለጠ ይናገራል። መልሱን ማንበብ ለሚያውቅ ሰው ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ወሬዎችን ያመጣል። «ሚዲያ ዲስኮኔክትድ» ካለ፣ ኮምፒዩተሩ ከኬብሉ ማዶ ሕይወት ያለው ነገር አልታየውም ማለት ነው፤ ምርመራው ኬብሉን፣ ቀዳዳውንና ካርዱን ይመለከታል። በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ካሳየ፣ ኮምፒዩተሩ አድራሻ እንዲሰጠው ጠይቆ የሚመልስለት ስላጣ ለራሱ ያወጣው ቁጥር ነው፤ ካርዱ በሕይወት አለ፣ የተበላሸው ግን በአድራሻ ጠያቂውና በአድራሻ ሰጪው መካከል ነው። ትክክለኛ አድራሻ ይዞ፣ ራውተሩም በ«ፒንግ» ሲጠራ አቤት እያለ፣ ገጽ ብቻ አልከፈት ካለ ደግሞ የክፍሉ ኬብልና ካርድ ከተጠያቂነት ነፃ ናቸው ማለት ይቻላል። ወይ ስምን ወደ ቁጥር የሚፈታው ዲ.ኤን.ኤስ. ታውኳል፣ ወይም ከራውተሩ ወደ ውጭ ያለው መስመር ተቋርጧል። ሦስት መልስ፣ ሦስት መንገድ። መመሪያው ግን ሦስቱንም በሽተኞች በአንድ መርፌ ያክማል።

«ኮምፒዩተሩን እንደገና አስነሣው» የሚለው ምክር የተለየ ትኩረት ይሻል፤ ሰው ሁሉ ይቀልድበታልና። በ2009 ዓ.ም.፣ በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016)፣ በብሪታንያና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ዊንዶውስ 10 የተጫነባቸው ኮምፒዩተሮች በድንገት አድራሻ መቀበል ተስኗቸው ከኢንተርኔት ተቆራረጡ። ማይክሮሶፍት በእርዳታ ገጹ አናት ላይ ኮምፒዩተራችሁን «ሪስታርት» አድርጉ፣ «ሻት ዳውን» ግን አይደለም የሚል ማሳሰቢያ አወጣ። ኢንተርኔት ለጠፋበት ሰው በኢንተርኔት ላይ ማስታወቂያ መለጠፉ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ዲሴምበር 13 ቀን የወጣው ኬቢ 3206632 የተባለው ማሻሻያ ሲታይ፣ አንድ በስተጀርባ የሚሠራ አገልግሎት እየወደቀ ማሽኑን አድራሻ እንዳያገኝ ያደርገው እንደነበር ተገለጸ።

እኔን የሚያስገርመኝ ማሳሰቢያው ትክክል ሆኖ ሳለ ምክንያቱ አለመነገሩ ነው። አብዛኛው ሰው «ማጥፋትና ማብራት» ከ«ሪስታርት» ጋር አንድ ይመስለዋል፤ ቋንቋችንም እንዲያ ነው የሚለው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ከዊንዶውስ 8 ወዲህ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል አሠራር አለ። ይህ አሠራር በርቶ ሳለ «ሻት ዳውን» ሲባል ማሽኑ የተጠቃሚውን ሥራ ይዘጋል እንጂ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርትና የድራይቨሮቹን ሁኔታ በዲስክ ላይ ጽፎ ያስቀምጣል፤ በማግሥቱም ያንኑ አንሥቶ ይቀጥላል። «ሪስታርት» ሲባል ግን ሁሉንም ከመጀመሪያው ይጀምራል። በየትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል ሲዘጋ የግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ ሳይቀር ይጠፋልና፣ «ሌሊቱን ሙሉ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ያደረ ማሽን እንዴት የትናንቱን ጥፋት ይዞ ይነሣል?» የሚል ጥያቄ ከተማሪዎች ይመጣል። መልሱ ይኸው ነው፤ ጥፋቱ ያደረው በዲስኩ ላይ ነው። ይህ በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢብራራ ምክሩ ከቀልድነት ወደ ዕውቀትነት በተሸጋገረ ነበር።

የጽሑፉ ትልቁ ጥፋት ወደ መጨረሻው አካባቢ ይገኛል። «ኔትዎርክ ሪሴት» የሚባል አንድ ቁልፍ አለ፤ የኔትዎርክ ካርዶችን ሁሉ አስወግዶ እንደ አዲስ ይተክላል፣ የተስተካከለውንም ሁሉ ወደ ፋብሪካው መነሻ ይመልሳል። መመሪያው ይህ የመጨረሻ ሙከራ እንዲሆን ይመክራል፤ ደግ አድርጓል። ግን ከቀድሞ ዊንዶውስ ወደ አዲሱ ከተሸጋገሩ በኋላ ለሚደርስ የግንኙነት ችግር ሊረዳ እንደሚችል አክሎ ስለሚናገር፣ ገና አፕግሬድ ያደረገ አንባቢ «ይህስ የእኔው ጉዳይ ነው» ብሎ በቀጥታ እዚያ ይዘልላል። ቁልፉ ግንኙነቱን «ፐብሊክ» ወደተባለው ክፍል ሊያዛውረው እንደሚችል፣ ያን ጊዜም ማሽኑ ከሌሎች ኮምፒዩተሮች እንደሚሰወር የሚገልጸው ቃል በማስታወሻ መልክ ከታች ተወሽቋል።

ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሃያ አራት ኮምፒዩተሮችን ካሳደግን በኋላ ሦስቱ በየጊዜው መስመር ይጥሉ ጀመር። መመሪያውን ዘርግቼ ከላይ እስከ ታች በታዛዥነት ፈጸምሁ፤ በአንደኛው ማሽን ላይም ቁልፉን ተጫንሁ። በእጅ የተሰጠው ቋሚ አድራሻ ጠፋ። ከዚያ ማሽን ጋር የተያያዘው የጋራ ማተሚያ ለሌሎቹ አልታይ አለ። መስመሩ ግን እንደ ቀድሞው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተቋረጠ! አንድ ችግር ይዤ ገብቼ ሦስት ይዤ ወጣሁ። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ቀድሞ ምን ተጽፎበት እንደነበር የማየው ነገር አለመቅረቱ ነው።

በመሠረቱ እነዚህ መመሪያዎች የጠፋ መስመርንና የሚቆራረጥ መስመርን አይለዩም። የጠፋ መስመር ቆሞ ይጠብቅሃል፤ የሚቆራረጠው ግን ልትመረምረው ስትቀርብ ደህና ሆኖ ያሾፍብሃል። ለሁለተኛው ዋናው የምርመራ መሣሪያ ሰዓት ነው። መቼ ተቋረጠ? ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ወይስ ሥራ ሲበዛበት? ብዙ የኔትዎርክ ካርዶች መስመር ሲለቁ በ«ኢቨንት ቪውወር» መዝገብ ላይ ከነሰዓቱ ምልክት ይተዋሉ። መቋረጡ ማሽኑ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው ኃይል ለመቆጠብ ሲባል ካርዱን ማጥፋት የሚፈቅደው ምርጫ ነው። በ«ዲቫይስ ማናጀር» ውስጥ በካርዱ ስም ሥር፣ «ፓወር ማኔጅመንት» በሚለው ገጽ ይገኛል (በአንዳንድ ማሽን ላይ ገጹ ጭራሽ አይታይም)። አፕግሬድ ድራይቨሩን በሌላ ሲተካ እንዲህ ያለው ምርጫ ሳይታወቅ ወደ መነሻው ሊመለስ ይችላል። ከሦስቱ ኮምፒዩተሮቻችን ሁለቱን ያሠቃያቸው ይኸው ነበር፤ ምልክቱን አንሥተን ካየን ወዲህ አልተቋረጡም።

ድራይቨሩ ራሱ ተለውጦ እንደሆነ ደግሞ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለው ወደ ቀድሞው ይመልሳል፤ የሚመለስበት ከሌለ ጽሑፉ ደብዝዞ ይታያል። ይህም ካልሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን በጠቅላላ ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል፤ ግን የተፈቀደው ጊዜ እንደ መነሻው አሠራር 10 ቀን ብቻ ነው። ዝርዝሩን ተራ በተራ ሲሞክር ሁለት ሳምንት የፈጀ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ የመመለሻው በር ተዘግቶ ያገኘዋል። ይህ የጊዜ ገደብ በእንዲህ ያለ መመሪያ የመጀመሪያ መስመር ላይ መጻፍ ሲገባው፣ ባገላበጥኋቸው ውስጥ ከዚያ ቦታ አላገኘሁትም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱም የአስተሳሰብ ጉድለት ነው። «ከአፕግሬዱ በኋላ መጣ» ማለት «አፕግሬዱ አመጣው» ማለት አይደለም። መመሪያዎቹ ግን ይህን አሉባልታ እንደ ተረጋገጠ ነገር ተቀብለው ሁሉንም ፈውስ በሶፍትዌር ውስጥ ይፈልጋሉ። የኔትዎርክ ኬብል በውስጡ ስምንት ሽቦ፣ ማለትም አራት ጥንድ አለው። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚሠራ መስመር ሁለቱ ጥንድ ይበቁታል፤ 1000 ሜጋቢት የሚሠራው ግን አራቱንም ይሻል። ስለዚህ አንድ ጥንድ የላላበት ኬብል አንድ ጊዜ 1000፣ አንድ ጊዜ 100 እያለ፣ በመካከልም እየለቀቀ ሊኖር ይችላል። ፍጥነቱ በ«ሴቲንግስ» ውስጥ በኢተርኔት ገጽ ላይ ይነበባል፤ ለመመልከት ገንዘብም ልዩ ሙያም አይጠይቅም።

ተማሪዎች ሊሠሩት የሚችሉት ፈተና ደግሞ አለ። የታመመውን ማሽን ኬብል ከጤነኛው ጋር ማለዋወጥና መጠበቅ ነው፤ ሌላ ምንም ሳይነኩ። ሕመሙ ኬብሉን ተከትሎ ከሄደ ኬብሉ ነው። ከማሽኑ ጋር ከቀረ ማሽኑ ነው። ሁለቱም ደህና ሆነው ቦታው ላይ ከቀረ የግድግዳው ወይም የስዊቹ ቀዳዳ ነው። በእኛ ዘንድ በሦስተኛው ኮምፒዩተር ላይ ይህን የሠሩት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ እኔ በጊዜው ገና ከጥቁሩ መስኮት ጋር እታገል ነበር። ሕመሙ ኬብሉን ተከትሎ ሄደ። ጫፉ ሲታይ የፕላስቲክ መቆለፊያው ተሰብሯል፤ ጠረጴዛው በተነቀነቀ ቁጥር ይላላል። እርግጥ ነው፣ የተሰበረው ከአፕግሬዱ በኋላ ነው፤ ማሽኖቹን ለማሳደግ ወደ ቢሮ ስናመላልስ ኬብሉን ጎትተን የሰበርነው እኛው ነበርን።