ቅንጬ አረም ሻንጣ አይዝም

ዩቲዩብ ላይ አንዴ ከገባችሁበት በቀላሉ የማትወጡበት ፕሮግራም አለ፤ «ቦርደር ሴኩሪቲ» ይባላል። ከ2004 ጀምሮ የሚታይ የአውስትራሊያ የቴሌቪዥን ተከታታይ ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አካሄዱ ሁሌም አንድ ነው። መንገደኛው ከአውሮፕላን ይወርድና ምግብ ወይም ተክል መያዝ አለመያዙን የሚጠይቀው ቅጽ ላይ «አልያዝኩም» ብሎ ምልክት ያደርጋል። አነፍናፊዋ ውሻ ሻንጣው አጠገብ ቁጭ ትላለች። ሻንጣው ይከፈታል፤ ቋንጣ፣ የተክል ዘር፣ ካልሲ ውስጥ የተጠቀለለ ፍራፍሬ። ሙዚቃው ይከብዳል። ሰውየውን ላብ ያጠምቀዋል።

እኛ ቤት፣ አቦከር፣ ታናናሽ እህቶቼ የዚህ ፕሮግራም ሱሰኛ ሆነዋል። እናቴ ግን ስታየው ዝም ነው የምትለው። አክስቴ ሜልበርን ነው ያለችው፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር በርበሬና ሽሮ የምታሽገው እናቴ ናት። ስለዚህ እህቶቼ ከፈታሽ ወገን፣ እናቴ ከተፈታሽ ወገን ሆነው ያያሉ። እኔ ደግሞ የተማርኩት ሜካኒካል ምህንድስና ነው፤ ለድኅረ ምረቃ ጥናቴ የምሠራው እህልን ከአረም ዘር የሚለይ ማበጠሪያ ላይ ነው። ፕሮግራሙን ሳይ አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ዛሬ እሱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሚመሰገንበትን ላመስግን። የኳራንቲን ሠራተኛን እንዲህ ጀግና አድርጎ ያሳየ ሌላ ፕሮግራም አላውቅም። በባሕር የተከበበች አገር ለምን እንደምትጨነቅም በደንብ ያሳያል። አውስትራሊያ የእብድ ውሻ በሽታ የለባትም፤ ከብት የሚያጠቃውን አፍተግርም ከ1872 ወዲህ አላየችም። በ2022 አፍተግር ጎረቤቷ ኢንዶኔዥያ ሲገባ ከባሊ የሚመጡ መንገደኞች ሲትሪክ አሲድ የተነከረ ምንጣፍ ጫማቸውን እያስረገጡ እንዲያልፉ አድርጋለች። አፍተግር እዚህ እኛ ጋ አገር የለመደ በሽታ ስለሆነ ይህ ጥንቃቄ የተጋነነ ሊመስላችሁ ይችላል። አይደለም። አንዴ ከገባ ማስወጣቱ ከማስቀረቱ እጅግ ይከብዳል።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ተባይና በሽታ የሚመጣው ከውሸታም ሰው ጋር ነው ብሎ ያስተምራል። በግልጽ አይናገረውም፤ ግን መቶ ክፍል ካያችሁ በኋላ ጭንቅላታችሁ ውስጥ የሚቀረው እሱ ነው። ካሜራው የሚያተኩረው የሰው ፊት ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ እንግሊዝኛ በቅጡ የማይናገር፣ የተደናገጠ ሰው ፊት ላይ።

አሁን ስልኩን አስቀምጣችሁ ውጡ። ሐረር ውስጥ ከሆናችሁ ብዙ መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ መንገድ ዳር፣ ባዶ ቦታ ላይ፣ ጥራጊ በሚጣልበት አካባቢ፣ ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ፣ ነጫጭ አበባው እንደ ተረጨ ቅንጬ የሚታይ ተክል ታገኛላችሁ። ቅንጬ አረም ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ፓርቴኒየም ሂስቴሮፎረስ ይባላል፤ አገሩ ደግሞ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ነው። የሐረርጌ ኦሮሞ ገበሬ «ፈረምሲሳ» ይለዋል፤ የሚያስፈርም፣ መሬትህን ፈርመህ አስረክብ የሚል እንደማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ስም ሳይንቲስት አያወጣለትም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተደረገ የማሳ ሙከራ እንዳሳየው፣ ሳይታረም ከተተወ የማሽላ ምርትን እስከ 97 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ላም ከበላችው ወተቷ ይመርራል። በባዶ እጅ አዘውትሮ የሚነቅለውን ሰው ቆዳ ያሳክካል፤ ያቆስላል።

ታዲያ እንዴት መጣ? ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተመዘገበው በ1980፣ እዚሁ ምሥራቁ ክፍል፣ ድሬዳዋና ሐረርጌ ነው። ሁለት መላምቶች ይነገራሉ። አንዱ በ1977 እና 78ቱ የኦጋዴን ጦርነት ከወታደር መኪኖች ጋር ገባ ይላል። ሌላው ከእርዳታ ስንዴ ጋር ተቀላቅሎ መጣ ይላል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ከ1984 እና 85ቱ ትልቅ ረሃብ ጋር አያይዞ ነው የሚያወራው፤ ግን ቀኑን ልብ በሉ፣ አረሙ ከዚያ ረሃብ አራት ዓመት ቀድሞ ተመዝግቧል። ያ ስንዴ ተጨማሪ ዘር አምጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያውን ግን ሊያመጣ አይችልም። መላምት ስትሰሙ መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ።

ለእኔ ጉዳይ ግን የትኛውም ትክክል ቢሆን ለውጥ የለውም። በሁለቱም ታሪክ ውስጥ ሻንጣ የለም። የዋሸ መንገደኛም የለም። የጎማ ጭቃ አለ፣ ጆንያ አለ። ሕግ እንኳን ነበረ፤ ኢትዮጵያ የዕፅዋት ጥበቃ ድንጋጌ ያወጣችው በ1971 ነው። ጭቃው ላይ የሚጠየቅ ሰው ስላልነበረ ቅጽ የሚሞላም አልነበረም።

«እኛ ደሴት ስላልሆንን ነው» ትሉ ይሆናል። እንግዲያው የፕሮግራሙን አገር ራሷን ተመልከቱ። ይኸው አረም አውስትራሊያም ገብቷል፤ ያውም ሁለት ጊዜ። በ1955 ኩዊንስላንድ ውስጥ የተገኘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላንና የማሽን ዕቃዎች ጋር እንደመጣ ይታመናል። በብዙ የተስፋፋው ሁለተኛው ደግሞ በ1960 አካባቢ ከቴክሳስ ከተገዛ የግጦሽ ሣር ዘር ጋር ተቀላቅሎ ነው የገባው። ገንዘብ ከፍለው፣ ደረሰኝ ተቀብለው፣ አስገቡት! የአሜሪካ መጤ ተምችስ? እኛ ጋ በ2017 ደረሰ፤ በ2020 ደግሞ ባሕሩን ተሻግሮ በሰሜን አውስትራሊያ ደሴቶች ላይ ታየ። የእሳት እራቷ በራሷ ክንፍ የምትበር ናት፤ ውሻ አያሸታትም።

እዚህ ላይ የምህንድስና ነገሬን ታገሱኝ። አንድ የቅንጬ አረም ተክል ከ15,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። እንበልና የአንድ ተክል ዘር በሙሉ እህል ውስጥ ገባ፤ ማበጠሪያዬ ደግሞ 99 በመቶውን ያወጣል። ፈተና ላይ 99 ያመጣ ተማሪ ይሸለማል። እዚህ ግን 150 ዘር አልፏል፤ ለመጀመር ደግሞ አንዱ በቂ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «በሩ ላይ ስንቱን ያዝን?» ብቻ አይደለም። ያመለጠው የት ይወድቃል? ማን ያየዋል? በስንት ቀን? የድሮው ጀጎል አምስት በር ነበረው፤ ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። ከበሩ በስተጀርባ ግን የሚተዋወቅ ጎረቤት ነበር፤ እንግዳ ፊት በማግሥቱ ይታወቃል። አረምም የሚያዘው እንደዚያ ነው፤ ሁለተኛ መሥመር ያስፈልገዋል።

ማበጠሪያዬም ቢሆን የሚያኮራ ነገር አይደለም። የአረሙ ዘር ርዝመቱ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ፣ ጠፍጣፋና ቀላል ነው። ከማሽላና ከስንዴ በወንፊት ይለያል። ጤፍ ሲሆን ግን መጠናቸው ስለሚቀራረብ ወንፊት ብቻውን አይበቃም፤ በአየር ግፊት ክብደታቸውን መለየት ያስፈልጋል። ሴቶቻችን ሰፌድ ላይ ሲያነፍሱ የሚሠሩት ፊዚክስ ይኸው ነው፤ እኔ ሞተር ጨመርኩበት እንጂ።

ፕሮግራሙን የምሠራው እኔ ብሆን ምን አሳይ ነበር? ኮምባይነር ሲታጠብ። ከኩዊንስላንድ ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ የሚሻገር ኮምባይነር ይህ አረም እንዳይሄድ ተጠርጎ መግባት አለበት። አንድ ሰው ማሽን ሥር ተኝቶ ለሰዓታት ገለባ ሲያራግፍ ማየት አሰልቺ መሆኑን አልክድም። አዘጋጆቹም ይህን ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው ሻንጣ የሚከፍቱት። ሁለተኛው ክፍል አምቦ ላይ ይሆን ነበር። አረሙን የሚበላ ጥንዚዛ፣ ዚጎግራማ የሚባል፣ ከውጭ ሲመጣ አምቦ ባለው የኳራንቲን ቤት ተዘግቶበት ጤፍና ኑግ ይበላ እንደሆነ ለዓመታት ተፈትኗል። በተለይ ኑግ ያሰጋ ነበር፤ ከአረሙ ጋር አንድ ቤተሰብ ነውና። ወለንጪቲ ላይ የተለቀቀው በ2016 ነው። አረሙ አንድ ቀን ሳይጠበቅ ገባ፤ ጠላቱ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ተሰለፈ። ይህ ነው ድራማ ከተባለ!

አሁን የራሴን ሻንጣ ልክፈት። ባለፈው የመኸር ጊዜ ለሙከራ የሚሆን ማሽላ ፍለጋ ከአጎቴ ማሳ ተነስተን፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው መኪና፣ በዚያው ጫማ ወደ ሌላ ገበሬ ማሳ ሄድን። የአጎቴ ማሳ ዳር ዳሩን ፈረምሲሳ ወርሶታል። የዚያኛው ሰውዬ ማሳ ግን ንጹሕ ነበር፤ እንዲያውም ለዚህ ነበር የመረጥነው፤ ለማነጻጸር። ማታ ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ሶሉ ቀዳዳ ውስጥ ከደረቀው ጭቃ ጋር ጥቃቅን ጥቋቁር ፍሬዎች አየሁ። ላብራቶሪ ውስጥ ስቆጥራቸው የምውል ሰው ስለሆንኩ ለመለየት አልተቸገርኩም። 31 ነበሩ። ንጹሑ ማሳ ላይ አራግፌ የመጣሁት ስንት እንደሆነ ግን የምቆጥርበት መንገድ የለኝም። እህቴ ከሶፋው ላይ ሆና «ያዙት!» አለች።

በሳምንቱ ተመልሼ ለሰውየው ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ጫማዬን አዩ፣ ማሳቸውን አዩ፣ ከዚያ የት የት እንደረገጥኩ አሳየኝ አሉኝ። እያስታወስኩ አሳየኋቸው፤ እሳቸውም በየቦታው ድንጋይ አስቀመጡበት። «ዝናብ ሲጥል፣ ሳያብብ በፊት ትመጣለህ፤ አንተው ትነቅላለህ» አሉኝ። ጓንት ገዝቻለሁ።