«ወጪ መጋራት» የሚለው ስያሜ ሲመረመር

«ወጪ መጋራት ከፈልኩ» የሚለው አነጋገር በመሥሪያ ቤቶቻችን ዘወትር ይሰማል። ሰዋስዉን ልብ ብሎ ለመረመረው ግን ዐረፍተ ነገሩ አይቆምም። «መጋራት» የድርጊት ስም ነው፤ ድርጊት ይፈጸማል እንጂ አይከፈልም። «መከራየት ከፈልኩ» ብሎ የሚናገር አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ የሚባለው «ኪራይ ከፈልኩ» ነው። ተናጋሪው ራሱ ይህ ጉድለት ሳይሰማው አልቀረም። ብዙውን ጊዜ ስያሜውን ትቶ «ኮስት ሼሪንግ ተቆረጠብኝ» የሚለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ በባዕድ ቃልም ቢሆን የሚቆረጠው ነገር ስም አግኝቶለታል።

ነቀፌታው ለሰዋስው ብቻ ከመቆርቆር የመጣ አይደለም። ቃሉ ሰዎች ፈርመው የሚገቡበት ውል ስም ነውና፣ ፈራሚው ከስያሜው ምን ይረዳል የሚለው ጥያቄ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅንም ይመለከታል።

የወጪ መጋራት ሥርዓት የሕግ መሠረት ያገኘው በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 ሲሆን፣ ኋላ በወጣው ደንብ ቁጥር 154/2000 ዝርዝሩ ተወስኗል። ደንቡ በመንግሥት የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የሚማር ሰው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሸፍን ይደነግጋል። ክፍያው የሚፈጸመው ከምረቃ በኋላ ሲሆን፣ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ አሠሪው እየቀነሰ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ገቢ ያደርጋል። እንግዲህ ነገሩ ሲፈርሙት ውል፣ ሲቆጥሩት ዕዳ፣ ሲሰበስቡት ግብር ነው። ስያሜው ከነዚህ አንዱንም አይናገርም።

«መጋራት» በአማርኛ የሚነግረን ምንድን ነው? ጎረቤታሞች ግድግዳ ይጋራሉ፤ ወዳጅ የወዳጁን ሐዘን ይጋራል፤ መንገደኞች ያላቸውን ምግብ ይጋራሉ። በነዚህ ሁሉ ተጋሪዎቹ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ስፍራ፣ ለአንድ ነገር እጃቸውን ዘርግተዋል። የደንቡ ተጋሪዎች ግን አንዱ ዛሬ ይከፍላል፤ ሌላው ከዓመታት በኋላ ይመልሳል። የ18 ወይም የ19 ዓመት ተማሪ ውሉን ሲፈርም «መጋራት» የሚለውን ሰምቶ መንግሥት አገዘኝ ይላል እንጂ ተበደርኩ አይልም። የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል የጎደለው ገንዘብ ያስደነግጠዋል። ስያሜው አልዋሸም፤ ነገር ግን አላስጠነቀቀም።

እዚህ ላይ «ወጣ» የሚለውን ግስ ማስታወስ ይጠቅማል። «ወጪ» ከዚህ ግስ ይወጣል፤ «መዋጮ»ም እንዲሁ። «ወጪ» አንዱ ከኪሱ የሚያወጣው ሲሆን «መዋጮ» ብዙዎች አንድ ላይ የሚያወጡት ነው። የሕዝብ ገንዘብ አዋቂዎችን ያስተማረበት ታሪካችን በአብዛኛው በሁለተኛው ቃል የሚገለጽ ነው። የቆሎ ተማሪ ከደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የምትዘግንለት ሴት መዝገብ አልያዘችም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ሕዝቡ በገንዘብም በቁሳቁስም አዋጥቷል፤ ፊደል የቆጠሩት እናቶችና አባቶች ግን ለዚያ ባለዕዳ አልሆኑም። አውስትራሊያውያን እ.ኤ.አ. በ1989 ተመሳሳይ ሥርዓት ሲያቋቁሙ በስሙ ውስጥ ያስገቡት «መዋጮ» ለሚለው የሚቀርበውን ቃል ነበር። ይሁን እንጂ «መዋጮ» ለኛው ደንብ ይስማማል አልልም። መዋጮ አስቀድሞ የሚሰጥ እንጂ ኋላ የሚከፈል አይደለም። ከዚህም በላይ በዚህ ዘመን ቃሉን የሰማ ሰው መጀመሪያ ኪሱን ይደባብሳል።

የተሻለው ስም ሩቅ አይደለም። «የትምህርት ወጪ ድርሻ» ቢባል ድርሻው ይቆጠራል፣ ይከፈላል፣ ያልቃል። «የወጪ ድርሻዬን ከፍዬ ጨረስኩ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ያለ እንከን ይቆማል። «ድርሻ» የሚሰጠንም የሚደርስብንም ነገር ስም በመሆኑ አሻሚ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ «ወጪ» ከፊቱ ሲቀድም ግን አሻሚነቱ ይወገዳል።

ከስያሜው ይልቅ የሚያሳስበው ስያሜው የማይደርስባቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞ ወይም በመካኒሳ፣ ከሥራ ወጥቶ በኮሌጅ የማታ ትምህርት የሚከታተል ሰው ወጪ የሚጋራው የለም፤ የሚከፍለው ከኪሱ ነው። በሌላው ጫፍ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት አለ፤ እርሱ በነፃ ነው። («ጎልማሳ» የሚለውም ሌላ ችግር አለበት። ቃሉን የሰማ ሁሉ ወንድ ያስባል፤ ክፍሉን የሚሞሉት ግን ብዙ ጊዜ እናቶች ናቸው። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይሻል።) «በነፃ» እና «በክፍያ» በሚሉት መካከል፣ ሠርቶ የሚያድር ሰው ለመማሪያው ከሕዝብ ገንዘብ የሚያገኘው እገዛ የጠራ ስም የለውም። «ድጎማ» በነዳጅና በዳቦ ተይዟል። «ድጋፍ» ሁሉን ስለሚናገር ምንም አይናገርም። «ስኮላርሺፕ» ውድድርንና ባሕር ማዶን ያስታውሳል።

ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ 25 ዓመት ለሞላው ዜጋ ሁሉ ለሥልጠና ብቻ የሚውል 500 የሲንጋፖር ዶላር መድባለች። የዚያን አሠራር ስም ቃል በቃል ለመተርጎም የተነሣ ሰው «ክሬዲት» የሚል ያገኛል። «ብድር» ብሎ ቢተረጉመው ስጦታውን ዕዳ ያደርገዋል፤ «ክሬዲት» ብሎ ቢተወው ተማሪው የትምህርት ሰዓት ቁጥር ይመስለዋል። ተመሳሳይ ነገር በአገራችን ቢታሰብ ስሙ ከሕጉ ረቂቅ በፊት ሊታሰብበት ይገባል፤ ሕግ ከወጣ በኋላ ስም ማረም ምን ያህል እንደሚያስቸግር «ወጪ መጋራት» አሳይቶናል።

በበኩሌ «የትምህርት ስንቅ» የሚለውን አቀርባለሁ። ስንቅ ለመንገደኛ ከመነሣቱ በፊት ይሰጣል፤ ልኩ የታወቀ ነው፤ ለመንገዱ እንጂ ለሌላ አይውልም፤ ተመላሽም አይጠየቅበትም። ቃሉ የገጠርና የዘመቻ ሽታ አለው፣ ለመሥሪያ ቤት ቅጽ አይመጥንም የሚሉ ይኖራሉ። እነርሱን ከላይ ወዳነሣሁት ክፍለ ከተማ ስም እመልሳቸዋለሁ። ያለ ሽቦ የሚሠራው መገናኛ ወደዚህ ከተማ ሲመጣ ሕዝቡ ነፋስንና ስልክን አጋብቶ «ንፋስ ስልክ» አለው። ኮሚቴ አልተቀመጠም። መገናኛው ከተረሳ ቆይቷል፤ ስሙ ግን ዛሬ በክፍለ ከተማው ማኅተም ላይ ታትሞ በየቀኑ በደብዳቤዎች ይወጣል።