የመጀመሪያዋን የወለቃ ሸክላ ስንመርጥ

አዲስ ቤት የገቡ ወጣቶቻችን ከወላጆቻቸው አገር የሸክላ ሥራ አንድ ዕቃ ገዝተው ሳሎናቸው ውስጥ ለማስቀመጥ ሲያስቡ «ከየትኛው እንጀምር?» ይላሉ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሆኖም ስለ እናቶቻችን ሙያ እስከ ዛሬ የተባለውንም ያልተባለውንም ያስነሣል። ስለዚህ በዚህ እትም ስለ ወለቃ ሸክላ የሚመስለንን በግልጽ ለመጻፍ ወድደናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሌላው ዓለም ጄድ የተባለውን የከበረ ድንጋይ የሚሰበስቡ ሰዎች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር ለእኛም ይጠቅመናል። ጄድ በሚለው ስም የሚጠሩት ኔፍራይትና ጄዳይት የተባሉ ሁለት የተለያዩ ድንጋዮች ናቸው። በዚያው ስም ቀለም የተነከረና ሙጫ የተሞላ ድንጋይም ይሸጣል። ስለዚህ ጀማሪው በስሙ ሳይታለል፣ አስቀድሞ ብዙ ድንጋይ በእጁ ይዞ ክብደቱንና ቅዝቃዜውን እንዲለምድ ይመከራል። የእኛም ሸክላ እንደዚሁ ነው። «የፈላሻ ሸክላ» እየተባለ በአንድ ስም የሚሸጠው ሦስት ዓይነት ሥራ ነው።

አንደኛው እናቶቻችን ከአገር ከመውጣታቸው በፊት የሠሩት ነው። ወለቃ ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኛለች። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ድስቱ፣ እንስራው፣ ጀበናውና ምጣዱ ለጎረቤት ገበያ የሚወጣ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን የውጭ አገር ጎብኚዎች ሲበዙ በሻንጣ የሚያዙ ትንንሽ ምስሎች ተጨመሩ፤ የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ፣ በአንድ አልጋ የተኙት ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ ኦሪት የያዘ ቄስ፣ ልጅ ያዘለች እናት። ከ1984 እስከ 1985 በሙሴ ዘመቻ የመጡት ወገኖቻችን በእግራቸው ሱዳን የገቡ ናቸው። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ሲጓጓዙም ሸክላ የሚጫንበት ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ «ከአገር ቤት ይዘውት የመጡት ጥንታዊ ዕቃ ነው» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ማስረጃውን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሁለተኛው ሰዎቻችን ከወጡ በኋላ በዚያው በወለቃ የተሠራው ነው። ሥራውን የቀጠሉት በአብዛኛው ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ናቸው። ይህን ሥራ ሐሰት ነው ብለን አንነቅፈውም፤ ሙያ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ያልፋል፤ እነርሱም እንጀራቸውን ይበሉበታል። የምንነቅፈው የእነርሱን ሥራ የእናቶቻችን የቆየ ሥራ ነው ብሎ ዋጋ የሚጨምረውን ነጋዴ ነው። ሦስተኛው እዚሁ እስራኤል ውስጥ በእናቶቻችን እጅ የተሠራው ነው። አፈሩ ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜም በኤሌክትሪክ ምድጃ ይቃጠላል። ይህ ምድጃ ጭስ ስለሌለው ሸክላው እንደ አፈሩ ቀይ ወይም ነጣ ያለ ሆኖ ይወጣል። ስላልጠቆረ ብቻ «የእኛ አይደለም» ማለት ስሕተት ነው።

ታዲያ ጥሩውን ከመጥፎው በምን እንለየው? በአፈሩ፣ በእጁና በእሳቱ ነው። ባለሙያዋ የተሰበረ ሸክላ ገል ወቅጣ ከጭቃው ጋር ታቦካዋለች፤ ይህም ዕቃው በእሳት ውስጥ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። የሚሽከረከር መሣሪያ ሳትጠቀም ጭቃውን እንደ ገመድ እያድቦለቦለች፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበች ታሳድገዋለች፤ ከዚያም በለስላሳ ድንጋይ ታሸዋለች። ስለዚህ በውስጥ በኩል የጣት ዱካ ቢገኝ ጉድለት አይደለም። ሁለት አንበሶች በሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን በማተሚያ ቅርጽ እንደወጡ መጠርጠር ይገባል። የወለቃ ሸክላ ጥቁረት የሚመጣው ከጭስ ነው፤ ዕቃው ገና እንደጋለ በጭድና በኩበት ሲታፈን ጭሱ ወደ ሰውነቱ ይገባል። ከታች ተፈርፍሮ እንደሆነ እንመልከት፤ ቀለም ከሆነ እንደ ቆዳ ከላይ ብቻ ተለጥፎ ይታያል። በመጨረሻ በጣት አንጓ ቀስ ብሎ መምታት ነው። ደኅናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው።

ስለ ምስሎቹ የምንሰጠው አስተያየት አንዳንዶችን ላያስደስት ይችላል። አንበሳው ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በኮከቡ ነው። ኮከቡን በአውራ ጣታችን ሸፍነን የቀረውን እንመልከት። ደረቱና አንገቱ አሁንም አንበሳ ከሆነ ጥሩ ሥራ ነው፤ ውሻ ወይም ድንጋይ ከመሰለ ግን የገዛነው ምልክቱን ብቻ ነው። ሰሎሞንና ሳባም እንዲሁ ናቸው፤ ከብርድ ልብሱ በታች ሰውነት መኖሩ የማይታወቅባቸው፣ በጠፍጣፋ ጭቃ ላይ የተለጠፉ ሁለት ራሶች ብዙ አይተናል። እንስራ ያዘለች ሴት ምስል ግን ብዙ ጊዜ ትበልጣለች። ወገቧ ከክብደቱ የተነሣ ጎበጥ ይላል፤ ሠሪዋ ያንን ክብደት በራሷ ጀርባ ታውቀዋለችና።

ስለዚህ ለጀማሪ የምንመክረው ከምስል በፊት ጀበና ወይም ትንሽ ድስት እንዲገዛ ነው። ጀበና ሊዋሽ አይችልም። ውኃ ሞልቶ መቅዳት ነው፤ ካንጠባጠበች፣ እጀታዋ ለእጅ ካልተመቸ፣ ስትቀመጥም ከተንገዳገደች ወዲያው ይታወቃል። ዋጋዋም አነስተኛ ስለሆነ ሰው ተምሮባት ወደ ምስሉ ይሻገራል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ጉድለት ግን አለ። በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ እንደተጀመረ የሚነገረው የርስት መነጠቅ ወገኖቻችንን ወደ እጅ ሥራ ገፋቸው። እጅ ሥራው ደግሞ «ጠይብ» እና «ቡዳ» የሚል ስድብ አተረፈላቸው። ኋላ ቱሪስቱ ሲመጣ ያው ሥራ ተወደደ፤ ነገር ግን የተጻፈበት «ፈላሻ» የሚለው ስም እንጂ የሠሪዋ ስም አልነበረም። ስትሰደብም ስትደነቅም ሴቲቱ ስም አልባ ሆና ቀረች። እዚሁ ሐደራ በካን ሙዚየም ውስጥ በ1891 ከተማዋን የመሠረቱት ሰዎች ታሪክ ተጠብቆ ይገኛል። ሰዎቹ እነማን እንደነበሩ ስለተጻፈ ዛሬም ይታወቃሉ። የእኛ ባለሙያዎች ግን እያረጁ ናቸው፤ አፈሩን ከየት እንዳወጡ፣ እሳቱን እንዴት እንደመጠኑ የሚያውቁት ብዙዎቹ ዛሬ አያቶች ሆነዋል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ የመጀመሪያዋን ሸክላችሁን ብትችሉ ከሠሪዋ እጅ ግዙ። ስሟን፣ የተወለደችበትን መንደር፣ ሸክላ መሥራት ያስተማረቻት ማን እንደነበረች፣ አፈሩ የየት እንደሆነና የተሠራበትን ዓመት ጠይቃችሁ በትንሽ ወረቀት ላይ በአማርኛም በዕብራይስጥም ጻፉና ከዕቃው ውስጥ አስቀምጡ። በጎጃም ወይም በወለቃ ዛሬ ከምትሠራ ክርስቲያን ባለሙያ ብትገዙም የእርሷን ስም ጻፉ፤ እርሷም ስም አላት። ወረቀት የሌላት ውድ አንበሳ ከምትኖራችሁ፣ የሠሪዋ ስም ያለባት ርካሽ ጀበና ብትኖራችሁ እንመርጣለን።

የባለሙያ እናቶቻችንን እጅ ይባርክልን።