ከጥብጣቡ በፊት መህሩ

ሠርግ ሲደገስ ቤተሰብን የሚያነታርኩት አብዛኛውን ጊዜ ጥቃቅኖቹ ነገሮች ናቸው። የወንበሩ ልብስ ነጭ ይሁን ወይስ ወርቃማ? ጥብጣቡ ከሚዜዎቹ ልብስ ጋር ይስማማልን? የጥሪ ካርዱ ጠርዝስ? እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ኢምንት ነው። «ይቺማ ምን አላት!» እየተባለ ይታከላል። ሲደመር ግን ሙሽራው ለዓመታት የሚከፍለው ዕዳ ይሆናል።

ለመሆኑ ጌጥ ክልክል ነውን? በፍጹም! ቅዱስ ቁርኣን በአል-አዕራፍ ምዕራፍ አንቀጽ 32 ላይ አላህ ለባሮቹ ያወጣውን ጌጥ እርም የሚያደርጉትን ይነቅፋል። ከዚያ በፊት ባለው አንቀጽ ደግሞ ማባከንን ይከለክላል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አንዲት ሙሽራ ወደ አንሷር ባሏ ስትሸኝ የደስታ ጨዋታ ስለመኖሩ እናታችን ዓኢሻን (ረ.ዐ) ጠይቀዋል። ስለዚህ ነቀፌታችን በጥብጣቡ ላይ ሳይሆን በተሰጠው ወረፋ ላይ ነው።

ስለ ድንኳኑ ማስዋቢያ ለወራት ይመከራል። በኒካሁ ዕለት ሸኹ «መህሩ ስንት ነው?» ብለው ሲጠይቁ ግን ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ የመጣለትን ቁጥር ይጠራና «በኋላ ይከፈላል» ተብሎ ይታለፋል። መህር እኮ በአን-ኒሳእ ምዕራፍ አንቀጽ 4 የተደነገገ የሙሽሪት የራሷ ሐቅ ነው! ካልተከፈለ በባል ላይ ዕዳ ሆኖ ይኖራል፤ ሳይከፍል ቢሞት እንኳ ወራሾች ከመካፈላቸው በፊት ከንብረቱ ይወጣል። የወንበሩ ልብስ ግን በማግስቱ ለአከራዩ ይመለሳል፤ አበባውም ይጠወልጋል።

«ሰው ምን ይለናል?» የሚሉ አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ (628) ከኸይበር ሲመለሱ ሶፊያን (ረ.ዐ) ባገቡ ጊዜ የተዘረጋው የቆዳ ምንጣፍ ነበር። ከላዩም ተምር፣ የደረቀ እርጎና ቅቤ ቀረበ፤ እንጀራም ሥጋም አልነበረም። በዚህ ምክንያት ያንን ወሊማ ማን አሳነሰው? ይልቁንስ ሐዲስ አጥብቆ ያወገዘው ሀብታም ተጠርቶበት ድሃ የሚቀርበትን ወሊማ ነው።

ጉዳቱ በደጋሹ ቤት ብቻ አይቀርም። የጎረቤቱ ልጅ ያንን አይቶ «እኔማ ይህን ሳላሟላ እንዴት አገባለሁ?» ይላል፤ ትዳሩንም ከዓመት ዓመት ያስተላልፋል። የልጅቷ አባትም ከእገሌ ላለማነስ ይበደራል። አንዱ ቤት ለጌጥ ያዋለው ነገር ለሌላው ቤት ግዴታ ይሆናል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ! አስቀድማችሁ መህሩን ተስማምታችሁ በጽሑፍ አስፍሩት፤ የሚከፈለውንም በእጇ አድርሱላት። ቀጥላችሁ ችግረኛ ጎረቤታችሁ የሚጠራበትን ወሊማ አዘጋጁ። ከዚያ በኋላ ያለ ብድር ከተረፈ፣ ጥብጣቡን እንደ ወደዳችሁ እሰሩት፤ ያን ጊዜ ያምራል።

አላህ ለሙሽሮቻችን በረካ ያለበትን ትዳር ይወፍቃቸው። አሚን።