ኃይል በኮረንቲ ሲባዛ፤ በአራት የኤሌክትሪክ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ ሙያዊ ስያሜ የሚፈተነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ለብቻው ተቀምጦ ሳይሆን ከባልንጀሮቹ ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲሰለፍ ነው። የኤሌክትሪክ ትምህርት ለዚህ ፈተና የተመቸ ነው፤ ዋና ዋና ስያሜዎቹ በሁለት አጫጭር ቀመሮች የታሰሩ ናቸውና። ቮልቴጅ ለኮረንት ሲካፈል ሬዚስታንስ ይገኛል፤ ቮልቴጅ በኮረንት ሲባዛ ፓወር ይገኛል። እስቲ እነዚህኑ በተርጓሚዎቻችን ዘንድ በተለመዱት ቃላት እንጻፋቸው፦ ኃይል ለኮረንቲ ሲካፈል ተቃውሞ ይገኛል፤ ኃይል በኮረንቲ ሲባዛ ኃይል ይገኛል። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር እንደ ተጻፈ ከተወሰደ፣ በዓለም ላይ ያለው ኮረንቲ ሁሉ ምን ጊዜም አንድ አምፔር ነው ማለት ይሆናል።

ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ ምንጩ ግልጽ ነው። «ኃይል» በቋንቋችን ሰፊ ግዛት ያለው ቃል ነው። በመካኒክስ ትምህርት ዕቃን የሚገፋውና የሚስበው ኃይል ይባላል፤ ግድቡ «ኃይል ማመንጫ» ነው፤ ቆጣሪው የሚቈጥረው «የኃይል ፍጆታ» ነው፤ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ በተዘረጋው ሽቦ ላይም «ከፍተኛ ኃይል» አለ። የመጀመሪያው በኒውተን፣ ሁለተኛው በዋት፣ ሦስተኛው በኪሎ ዋት ሰዓት፣ አራተኛው በቮልት ይለካል። አንድ ቃል ለአራት ጌቶች አድሯል።

ከአራቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ነው። ከሕዳሴው ግድብ በደዴሳ በኩል ወደ ሆለታ የሚመጣው መስመር 500 ኪሎ ቮልት የሆነው ብዙ ኃይል እንዲሸከም ብቻ ሳይሆን፣ ያንን ኃይል በአነስተኛ ኮረንት እንዲሸከም ነው። ቮልቴጁ ዐሥር እጥፍ ሲያድግ ለዚያው ኃይል የሚያስፈልገው ኮረንት ወደ አንድ ዐሥረኛ ይወርዳል፤ በሽቦው ውስጥ በሙቀት መልክ የሚባክነው ደግሞ፣ ኮረንቱ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ ስለሚሄድ፣ ወደ አንድ መቶኛ ይወርዳል። «ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመር» የሚለው ሐረግ የመስመሩን ምክንያት ከተማሪው ይሰውራል።

በእርግጥ ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው መጽሐፉ ዛሬ ቮልቴጅ የምንለውን «ኤሌክትሮስኮፒያዊ ኃይል» ብሎ ነበር የጠራው፤ «ኤሌክትሮሞቲቭ ፎርስ» የሚለው ስምም፣ መለኪያው ቮልት እንጂ ኒውተን ባይሆንም፣ እስከ ዛሬ አለ። ይሁን እንጂ ጀርመኖች «ሽፓኑንግ»፣ ፈረንሳዮች «ታንስዮን»፣ ዕብራይስጥ ተናጋሪዎችም «መታሕ» በማለት ጽንሰ ሐሳቡን ከመወጠር ግሥ አውጥተው ከኃይል ለይተውታል። ዐረቦች ጥረት የሚል ትርጉም ያለውን «ጁህድ» መርጠዋል።

በዚህ ፈለግ «ውጥረት» እንበለው የሚሉ አሉ። ቃሉ ከከበሮ ቆዳና ከድንኳን ገመድ የመጣ፣ ሥሩም ያማረ ነው፤ ነገር ግን የገመድ ውጥረት ራሱ በመካኒክስ ትምህርት ስሙ ተይዟል። «ግፊት» በውኃ ቧንቧ ምሳሌ ለማስረዳት ይመቻል፤ ሆኖም የደምና የአየር ግፊት ቀድመው ወስደውታል። ቮልት የሚለውን መለኪያ ከተቀበልን ቮልቴጅን አለመቀበል ምን ይጠቅመናል? እኔ ቮልቴጅ ይቀመጥ፣ ግፊት ለማስረጃ ምሳሌነት ይዋል ባይ ነኝ።

ልዩነቱ የሊቃውንት ጭቅጭቅ የሚመስለው አንባቢ የኤሌክትሪክ ምጣድን ያስብ። በ220 ቮልት 15 አምፔር የሚስብ ምጣድ 3300 ዋት ይሰጣል፤ ሬዚስታንሱም 14.7 ኦም ያህል ነው። ምሽት ላይ ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ፣ ሬዚስታንሱ ብዙም ስለማይለወጥ፣ ኮረንቱ ወደ 12.3 አምፔር፣ ሙቀቱም ወደ 2200 ዋት ገደማ ይወርዳል። የቮልቴጁ መቀነስ ከአምስት አንድ እጅ እንኳ አልሞላም፤ የሙቀቱ ግን ከሦስት አንድ እጅ ነው። እንጀራ የምትጋግረው እናት «ኃይል አነሰ» ስትል አልተሳሳተችም፤ ሁለቱም አንሷልና። የጥገና መመሪያ የሚተረጕም ሰው ግን የትኛው እንዳነሰና የትኛው የትኛውን ተከትሎ እንደ ወረደ የመለየት ግዴታ አለበት። የገመዱን ውፍረትና የፊውዙን ልክ የሚወስነው ኮረንቱ ነው። 0.5 ኦም ሬዚስታንስ ባለው ቀጭን ገመድ ውስጥ ያ 15 አምፔር ሲያልፍ 112 ዋት ያህል ሙቀት በገመዱ ውስጥ ይቀራል። መመሪያው ሁሉንም «ኃይል» ካለው፣ ሠራተኛው ገመድ የሚመርጠው በግምት ነው።

ለሬዚስታንስ የቀረቡት ቃላት ከዚህ የባሱ ናቸው። «ተቃውሞ» ፈቃድ ያለው ያስመስላል፤ ሽቦ ግን ማንንም አይቃወምም። ከዚያም ለዕቃው ስም ስናወጣለት «ተቃዋሚ» ይሆንና የሬዲዮ ጥገናው መጽሐፍ የፖለቲካ መልክ ይይዛል። «መቋቋም» የተሻለ ቢመስልም ሌላ ወጥመድ አለበት፤ «600 ቮልት የሚቋቋም ሽቦ» ስንል መሸፈኛው እስከዚያ ድረስ አይበሳም ማለታችን ነው እንጂ ስለ ኦም ምንም አልተናገርንም። በዚህ ቦታ ባዕዱ ቃል ቢቆይ እመርጣለሁ።

«ኮረንቲ»ን በተመለከተ ብዙ አልልም። ከጣሊያንኛ ገብቶ የሕዝብ ሆኗል፤ ኮረንቲ ይይዛል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል። በዕለታዊ ንግግር ጠቅላላውን ኤሌክትሪክ ስለሚወክል ለአምፔር መጠን «ኮረንት» ብሎ መለየት ይበቃል። «ፍሰት» የሚሉት ወገኖች «ፍሰቱ ፈሰሰ» ብለው ሲጽፉ ራሳቸው ይቸገራሉ።

«ኃይል» እንግዲህ ለፓወር ብቻ ይቅር፤ በቆጣሪው ለሚመዘገበው «ጉልበት» ይመደብለት። በዚህ ረገድ አንድ የገበያ ቃል የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችን ይጠብቃል። ቀድሞ የብርሃን ድምቀት መለኪያ የነበረው «ሻማ» በሱቆቻችን የዋት ስም ሆኖ «ባለ 60 ሻማ አምፖል» ተብሎ ሲሸጥ ኖሯል። ዛሬ 9 ዋት ያህል የሚፈጅ ኤል ኢ ዲ አምፖል የአሮጌውን 60 ዋት አምፖል ብርሃን ይሰጣል። ደንበኛው 60 ሻማ ሲጠይቅ ብርሃኑን ነው ወይስ ፍጆታውን? በቀድሞው አምፖል ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ ጥያቄው አልተነሣም ነበር፤ አሁን ግን ቃሉ በመዝገቡ ውስጥ ሁለት ፍቺ ተሰጥቶት፣ እያንዳንዱም በየምሳሌው ሊገባ ይገባል።