«ሞት ሆይ አትታበይ»፤ ምልክትና በሽታ በጆን ጋንተር መጽሐፍ

አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጆን ጋንተር በ1949 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያሳተሙት፣ አርእስቱ በአማርኛ «ሞት ሆይ አትታበይ» ሊባል የሚችለው መጽሐፍ፣ ልጃቸው ጆኒ በአንጎል ዕጢ ታሞ በ1947 በ17 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ የሆነውን ይተርካል። ብዙ ሰው የሚያነበው ለማልቀስ ነው። እኔ የምመረምረው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ደራሲው የበሽታውን ምልክት እንዴት እንዳነበቡት ነው።

የመጀመሪያው ክፍል እጅግ የሚመሰገን ነው። በሚያዝያ 1946 ልጁ በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳለ አንገቱ ደረቀበት፤ የነገሩን ክብደት የገለጠው ግን የዓይን ምርመራ ነው። የራስ ቅል ስለማይለጠጥ፣ በውስጡ ዕጢ ሲያድግ ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱም በዓይን ነርቭ ሽፋን ተላልፎ፣ ነርቩ ወደ ዓይን የሚገባበትን ቦታ ያሳብጠዋል። ሄልምሆልትዝ በ1851 ባስተዋወቁት መሣሪያ ሐኪም ይህን በዓይን ብሌን በኩል አሻግሮ ያያል። ሆኖም እብጠቱ የሚመሰክረው ግፊት መኖሩን እንጂ ግፊቱን ያመጣው ምን እንደ ሆነ አይደለም፤ መግልም፣ የደም መፍሰስም፣ የውሃ መጠራቀምም ያንኑ ሊያሳዩ ይችላሉ።

ኋላ ላይ መጽሐፉ ይህን ልዩነት ያላላዋል። ሐኪሙ ግፊቱን ለማቃለል የራስ ቅሉን በከፊል ክፍት ስለ ተዉት፣ ጉብታ ወደ ውጭ ይታይ ነበር። አባትም ጉብታው ሲያብጥ ይሸበራሉ፣ ሲለሰልስ ይጽናናሉ፤ ጉብታው ራሱ በሽታው የሆነ ይመስላል። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የዶክተር ማክስ ጌርሰን የአመጋገብ ሕክምና ተጀመረ፤ ልጁም ሲሻለው ትረካው ምስጋናውን ወደ ምግቡ ያዘነብላል። ነገር ግን ልጁ አስቀድሞ የራጅ ጨረርና ናይትሮጅን መስታርድ የሚባል መድኃኒት ወስዶ ነበር፤ በኋላም ከጭንቅላቱ መግል ወጥቶለታል። ታዲያ ከነዚህ የትኛው እንደ ረዳው በምን ይለያል? አባትን በዚህ መውቀስ ይከብዳል፤ ጋዜጠኛውን ግን መጠየቅ ይገባል፤ ምክንያቱም መጽሐፉን የሚያነብ ሌላ ወላጅ ቢላዋውን ትቶ ወደ ምግቡ ሊሄድ ይችላል።

ከ1971 ጀምሮ ሲቲ ስካን፣ ከዚያም ኤምአርአይ በመምጣታቸው፣ ለጆኒ ሐኪሞች የተሰወረው ዛሬ በሥዕል ይታያል። ቢሆንም ሥዕሉ ብዙውን ጊዜ የሚያስጠረጥር ነው፤ የዕጢው ዓይነት በእርግጥ የሚታወቀው ቁራጩ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይና የዘር ጠባዩ ሲመረመር ነው።