ቁና ቁና

እናቶች ልጅ አዝለው ሲመጡ «የሳንባ ምች ያዘው» ብለው አይጀምሩም። «ብርድ መታው» ይላሉ፤ «ጎኑን ይወጋዋል»፣ «ሲያቃስት አደረ» ይላሉ። እኔ ጆሮዬን ጥዬ የምጠብቀው ግን «ቁና ቁና ይተነፍሳል» የሚለውን ቃል ነው። ቁና የእህል መስፈሪያ ነው። ይህን የምትል እናት የልጇን ትንፋሽ ሌሊቱን ሙሉ ስትሰፍር አድራ የመጣች ትመስለኛለች። ለእኔ የሚቀረኝ የእሷን ስፍር በሰዓት መድገም ነው።

ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ባለችው ብልባላና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ሕፃናትን በማየት ብዙ ዓመት ሠራሁ። ነርስ ነኝ። ስለ ሙያዬ የሚጠይቀኝ ሰው ስለ መርፌና ስለ መድኃኒት እንዳወራው ይጠብቃል። የሙያው ልብ ግን ከመድኃኒቱ በፊት ባለችው አንዲት ደቂቃ ውስጥ ነው። ልጁ በእናቱ ጭን ላይ እንዳለ ልብሱ ይገለጣል፤ እኔ እንበረከካለሁ፤ ሆዱ ከፍ ሲል አንድ፣ ዳግም ከፍ ሲል ሁለት እያልሁ እቆጥራለሁ። ሁለት ወር ያልሞላው ጨቅላ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጥኗል እንላለን።

መቁጠሩ ቀላል ነው፤ ልጁን ለቆጠራ ማድረስ ነው ጭንቁ። ያለቀሰ ልጅ ትንፋሽ አይቆጠርም። የሚጠባም አይቆጠርም። ስለዚህ ነጭ ጋዋኔን አውልቄ ጥግ ላይ እሰቅላለሁ፣ ፊቴን ወደ ሌላ አዙሬ ከእናቱ ጋር ስለ ዝናቡና ስለ ገብሱ አወራለሁ፣ ጡት ስጪው እላለሁ፣ ጠብቶ እስኪያንቀላፋም እጠብቃለሁ። ውጭ ተራ የሚጠብቅ ሰው ቢያጉረመርም ይህን ጊዜ አላሳጥረውም። ልጁ ዓይኑን ሲከድን ማተቡን በአንድ ጣት ወደ ጎን አደርጋለሁ፤ ከማተቡ ሥር ያለችው የጉሮሮ ጎድጓዳ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ የምትሳብ ከሆነ፣ ወይም የጎድን አጥንቱ የታችኛው ጠርዝ ሲተነፍስ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ቁጥሩን ሳልጨርስም ልቤ ይደነግጣል።

በሥራዬ መጀመሪያ ላይ 15 ሰኮንድ ቆጥሬ በአራት አባዛ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። አንዲትን የስድስት ሳምንት ሕፃን እንዲህ ቆጥሬ 48 አገኘሁና ለእናቷ «ጉንፋን ነው፣ ሙቀት አይጉደላት» ብዬ ሸኘኋት። በማግስቱ ከንፈሯ ጠቁሮ መጣች። ጨቅላ እንደ አዋቂ እኩል አይተነፍስም፤ ያፋጥናል፣ ያርፋል፣ እንደገና ያፋጥናል። እኔ የቆጠርሁት እረፍቱን ነበር። ሕፃኗ ተርፋለች፤ ዛሬ ትምህርት ቤት ስትሄድ አያታለሁ፤ ባየኋት ቁጥር ያቺ 48 ትመጣብኛለች። ከዚያ ወዲህ ሙሉ አንድ ደቂቃ ካልሆነ አልቆጥርም፤ ከሁለት ወር በታች ላለው ደግሞ 60 ከደረሰ ዳግም እቆጥራለሁ።

እነዚህ ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ሳውቅም ወደድኋቸው። ፍራንክ ሻን የተባለ አውስትራሊያዊ የሕፃናት ሐኪም በፓፑዋ ኒው ጊኒ ተራሮች መካከል በምትገኘው ጎሮካ ይሠራ ነበር። ከሚያስሉት ሕፃናት መካከል መድኃኒት የሚያሻው የትኛው እንደሆነ፣ ራጅ በማይደረስበት አገር እንዴት ይለያል ብሎ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1984 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት በማዳመጫ ከሚሰማው ድምፅ ይልቅ የትንፋሽ ፍጥነትና የደረት መሰርጎድ የተሻሉ ምልክቶች መሆናቸውን አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያ መንገድ ሄዶ ዛሬ የምንሠራበትን መለኪያ አወጣ። እንግዲህ የምቆጥርበት ሕግ የተወለደው እንደ ላስታችን ባለ ተራራማ አገር፣ እንደ እኛው መሣሪያ ባጠረው ሐኪም እጅ ነው። አገራችንም የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን እ.ኤ.አ. በ2003 ከጀመረች በኋላ፣ በ2010 ባለሙያዎቹ የሳንባ ምችን በጤና ኬላ ውስጥ እንዲያክሙ ፈቀደች። ከዚያ በፊት ቆጥረው ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ብቻ ነበር የሚችሉት። በዚህ ገደልና ሸለቆ መካከል ይህ ፈቃድ ምን ማለት እንደሆነ ልጅ አዝሎ ቁልቁለት የወረደ ሁሉ ያውቀዋል።

ከፍታው የራሱ ነገር አለው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከበላይዋ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅንም ዝቅ ይላል። ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ እ.ኤ.አ. በ1974 መሠረቱን የጣለለት፣ ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክሲጅን መለኪያ እጃችን ሲገባ መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር፤ እዚህ ከፍታ ላይ ለጤናማ ልጅ ስንት ይበቃል? አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣችው ጥናት በሰሜን ተራሮች፣ በአምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች የደም ኦክሲጅን በአማካይ 95.3 በመቶ እንደሆነና ደማቸውም እንደ አንዲስ ተራራ ነዋሪዎች እንዳልወፈረ ገልጿል። ይህን ሳነብ ኮራሁ። ግን ከሕፃናት የተወሰደ ቁጥር አልነበረም። የደጋ ሰው አየሩን ለምዶታልና የኛ ልጅ ቢያጥረውም ይችለዋል የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አጥብቄ እከራከራለሁ። የታመመ ሳንባ ያለው የደጋ ልጅ የሚቆመው ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ አንድ እርምጃ ብቻ ይበቃዋል።

ከእኛ አቅም በላይ ሕክምና የሚያሻው ልጅ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። እዚያም ቢሆን መፍትሔው ሁልጊዜ ውድ መሣሪያ አይደለም። የባንግላዴሹ ሐኪም መሐመድ ጆባየር ቺስቲ በዳካ የኦክሲጅኑን ቱቦ ጫፍ ውኃ በያዘ የሻምፑ ጠርሙስ ውስጥ አስገብቶ፣ አረፋው በሚፈጥረው ግፊት የሕፃናት ሳንባ እንዳይከደን ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። ያው ዘዴ በኢትዮጵያ 12 ሆስፒታሎች ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል፤ ከባድ የሳንባ ምች ይዟቸው ኦክሲጅን ካነሳቸው ሕፃናት መካከል ሕክምናው ያልሠራላቸው በአረፋው በኩል ያነሱ ነበሩ። ከእኛ እስከዚያ ያለው መንገድ ግን አላጠረም።

ስለ ጭሱም ልናገር። በላስታ የድንጋይ ቤት ውስጥ እንጀራ ሲጋገር ጭሱ የሚወጣው በበሩና በክዳኑ ሣር መካከል ነው። ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ከምጣዱ በላይ ያንቀላፋል፤ ኩበቱና እርጥቡ እንጨት ይጨሳል። የተሻሻለ ምድጃ ይህን ሁሉ ይፈታል ብዬ አስተምር ነበር። ጥናቱ ግን እንደ ስብከቴ ቀላል አልሆነም። በጓቲማላ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ የሳንባ ምችን በጠቅላላው በግልጽ ባይቀንስም የከባዱን ቁጥር ቀንሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የማላዊ ሰፊ ጥናት ደግሞ ለውጥ አላገኘም። ጭሱ ከጎረቤትም ይመጣል፣ ከኩራዙም ይመጣል፤ ምድጃም ይሰበራል። ምድጃውን አልተውሁትም፤ እናትን «አንቺ ነሽ ያሳመምሽው» በሚል ድምፅ ማስተማርን ግን ተውሁ። አሁን የምላት አንድ ነገር ነው፤ ስትጋግሪ ልጁን አውርጂው፣ ለታላቅ እህቱ ስጪው፣ በር ላይ ይሁን።

የብልባላ ጊዮርጊስ ንቦች በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ውስጥ ናቸው የሚኖሩት፤ ማሩም ለበሽተኛ ይፈለጋል። እናቶች ይጠይቁኛል። አንድ ዓመት ላለፈው ልጅ ሳሉን ያለዝብለታል፣ ስጪው እላለሁ፤ ዓመት ላልሞላው ግን ማር ከየትም ይምጣ ከየት አይሰጥም፣ አንጀቱ ገና የማይችለው መርዛማ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላልና። ጠበሉንም አልከለክልም። የምለምናቸው ቁና ቁና የሚተነፍስ ልጅ ከጠበሉ በፊት ወይም በዚያው ቀን ወደ እኛ እንዲመጣ ነው።

ብዙ ዓመት ያመለጠኝ ነገር ግን እንቅልፍ ነው። አንዲት እናት የአምስት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። አይወፍርም፣ ቀን ያንጎላጅጃል፣ አፉ ተከፍቶ ይውላል። ሳንባውን አዳመጥሁ፣ ቆጠርሁ፣ ንጹሕ ነው። «እንቅልፉስ?» አልኋት። «እንቅልፉማ ደኅና ነው፤ እንደ ትልቅ ሰው ያንኮራፋል» አለች። አብራው የምትተኛው እህቱ ግን ከኋላ ሆና «ዝም ይላል» አለች። «ዝም ይልና እንደ ሰጠመ ሰው ይነቃል። አንዳንዴ እነቀንቀዋለሁ።» እናቷ በዓይኗ ገሠጸቻት፤ ትንፋሽ ቆመ ማለት በቤታችን በአፍ የሚጠራ ነገር አይደለም። ጉሮሮውን በባትሪ ሳየው ቶንሲሎቹ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም።

በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ይህ ሕመም በሕፃናት ላይ በወጉ የተገለጸው ቅርብ ጊዜ ነው፤ ክርስቲያን ጊየሚኖና ባልደረቦቹ በስታንፎርድ ስምንት ሕፃናትን አይተው የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በ2013 የታተመ፣ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ 464 ልጆች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ቶንሲላቸው የወጣላቸው ልጆች በትኩረት ፈተናው እምብዛም ባይበልጡም እንቅልፋቸው፣ ጠባያቸውና ኑሯቸው መሻሻሉን አሳይቷል። በእኛ አገር ግን «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ እንጥል ማስቆረጥ ይቀድማል። ምላጩ የደም መፍሰስና ቁስል ያመጣል፤ መንገዱን የዘጋው ቶንሲል ግን እዚያው ነው። ያንን ልጅ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ለመላክ ሦስት ቀን ከአባቱ ጋር ተነጋግረናል።

ከዚያ ጀምሮ ጥያቄዬን ቀየርሁ። «እንቅልፉ እንዴት ነው?» አልልም። «ማን አጠገቡ ይተኛል?» እላለሁ፤ ያንን ሰው አስጠርቼ «ሌሊት ምን ትሰማለህ?» እለዋለሁ። ከፍታው በራሱ የእንቅልፍን ትንፋሽ ያዘባርቃል፤ እንቅልፍ የሚለካበት መሣሪያ በአቅራቢያችን የለም። ያለን አብሮ አዳሪው ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት መነኩሲት ከልጃቸው ጋር ሆነው የሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸውን አመጡ። ልጁ አንቀላፍቶ ነበር፤ ተንበርክኬ መቁጠር ጀመርሁ። እማሆይ አጠገቤ ቆመው በእያንዳንዱ ትንፋሽ የመቁጠሪያቸውን አንድ ፍሬ በጣታቸው ሲያሳልፉ በዓይኔ ጠርዝ አየሁ። ሰዓቱ ሲጮኽ 50 ላይ ነበርሁ። «እማሆይ፣ እርስዎስ?» አልኋቸው።

«አርባ አንዱን ጨርሼ ዘጠኝ ጨመርሁ፣ ልጄ። ማታም እንዲሁ ነበር።»

ደረቱ አልሰረጎደም፣ ይጠባል፣ ይጠጣል። የሚሟሟውን አሞክሳሲሊን የመጀመሪያውን እዚያው አጠጣነው፤ ከባሰበት ሌሊትም ቢሆን እንዲመጡ ነግሬ በሁለተኛው ቀን ቀጠርኋቸው። በቀጠሮው መጡ። ልጁ ነቅቶ ስለነበር እስኪረጋጋ ጠበቅን፣ እማሆይም አብረውኝ ጠበቁ። ከዚያ ሁለታችንም ጀመርን። ሰዓቱ ሲጮኽ ቀና ብዬ እጃቸውን አየሁ፤ ከአርባ አንዱ ሰባት ፍሬ ገና ሳይነካ በጣታቸው መካከል ተንጠልጥሎ ነበር።